እጅሽ ሲደነዝዝ ችግሩ የት ነው? አንጎላችንንና ነርቮቻችንን እንወቃቸው

ሌሊት እጅሽ ደንዝዞ ከእንቅልፍሽ ቀስቅሶሽ ያውቃል? ስታራግፊው ይሻልሻል። ጠዋት ብርጭቆ ስታጥቢ ግን ከእጅሽ ያመልጥሻል። ለማዳም ስትነግሪያት «ምንም አይደለም፣ የኤሲው ብርድ ነው» ትልሻለች። ጓደኛሽ በስልክ «ነርቭ ነው» ትልሻለች። አገር ቤት ያለችው እናትሽ ደግሞ «የሰው ዓይን ነው፣ ጸበል ያስፈልግሻል» ትላለች። ማንን ትሰሚያለሽ?

እኛ ዘንድ «ነርቭ» የማይባል ሕመም የለም። እግር ሲቆረጥም ነርቭ ነው፣ ሰው ሲቆጣ ነርቭ ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ሲልም ነርቭ ነው። ስለዚህ ነርቭ ምን እንደሆነና በሰውነታችን ውስጥ የት የት እንደሚያልፍ ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ነገር ከአሁኑ ያዢልን፦ የነርቭ ሕመም የሚሰማሽ ቦታና ችግሩ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። እጅሽ ደንዝዞ ችግሩ አንጓሽ ላይ፣ አንገትሽ ላይ ወይም አንጎልሽ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ለቀጠሮ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ግን ለደቂቃም አይጠብቅም።

ሥርዓተ ነርቭ በአጭሩ

ሥርዓተ ነርቭ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦

• አንጎል፦ በራስ ቅል ውስጥ ያለው። ክብደቱ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።
• ህብለ ሰረሰር፦ ከአንጎል ሥር ተነስቶ በአከርካሪ አጥንቶች መሐል የሚወርድ፣ የትንሽ ጣት ያህል የሚወፍር ገመድ። በሴቶች ርዝመቱ ከ42 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።
• ነርቮች፦ ከእነዚህ ሁለቱ ወጥተው እስከ ጣት ጫፍ የሚደርሱ ክሮች። 12 ጥንድ ከአንጎል፣ 31 ጥንድ ከህብለ ሰረሰር ይወጣሉ።

መልእክት በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ከቆዳ፣ ከዓይንና ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው «እንዲህ ተሰማኝ» ይላል። ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚመለሰው «እንዲህ አድርግ» ይላል። የመጀመሪያው ሲበላሽ ይደነዝዝሻል ወይም ያቃጥልሻል፤ ሁለተኛው ሲበላሽ እጅ ወይም እግር ይዝላል። መደንዘዝና መዛል የተለያዩ ናቸው፤ ሐኪምም ለይተሽ እንድትነግሪው ይፈልጋል።

ትኩስ ድስት ስትነኪ

ኩሽና ውስጥ የተጣደ ድስት በባዶ እጅሽ ነካሽ እንበል። እጅሽ ከድስቱ የሚሸሸው «አቃጠለኝ» ብለሽ ከማሰብሽ በፊት ነው። መልእክቱ ህብለ ሰረሰር እንደደረሰ አንጎልን ሳይጠብቅ «ሽሽ» የሚለው ትእዛዝ ወደ ክንድሽ ጡንቻ ይመለሳልና ነው። ወዲያው ስል የሆነ ሕመም ይመጣል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ የሚያቃጥለውና የማይለቀው ይከተላል። ሁለቱ በተለያዩ ክሮች ነው የሚጓዙት። ፈጣኖቹ በሴኮንድ ብዙ ሜትር ይሮጣሉ፤ ዘገምተኞቹ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳሉ።

ከዚህ ሌላ ቁም ነገርም አለ። እጅሽ ከደነዘዘ ትኩሱን ቶሎ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ የደነዘዘ እጅ ያላት ሴት ካውያ ስትይዝ፣ ዘይት ስታፈስ ወይም የሕፃን መታጠቢያ ውኃ ስትለካ በክርኗ ወይም በደህናው እጇ ትፈትን።

አንጎል፦ እያንዳንዱ ክፍል ሥራ አለው

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ፣ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። ደም ለጥቂት ደቂቃ ከተቋረጠበት ሴሎቹ መሞት ይጀምራሉ። የሚጠብቀው የራስ ቅል፣ ሦስት ሽፋኖችና ሁለት ሲኒ የሚሞላ ንጹሕ ፈሳሽ አለው።

ትልቁ አንጎል ለሁለት የተከፈለ ነው። ግራው የሰውነትን ቀኝ፣ ቀኙ የሰውነትን ግራ ያዛል። የፊተኛው ክፍል (ከግንባር ጀርባ ያለው) ለማቀድ፣ ራስን ለመግዛትና ለመንቀሳቀስ ነው። ከጆሮ በላይ ያለው ለመስማትና ለማስታወስ፣ አናት አካባቢ ያለው ለመዳሰስ፣ የኋለኛው ደግሞ ለማየት ነው። የመናገር ችሎታ በአብዛኞቻችን በግራው በኩል ነው። ለዚህ ነው በግራ አንጎሉ ስትሮክ የመታው ሰው ቀኝ እጁ ዝሎ ንግግሩም የሚጠፋው።

ከኋላ ከሥር ያለው ትንሹ አንጎል ሚዛን ይጠብቃል። ትሪ ሙሉ ብርጭቆ ይዘሽ ደረጃ ስትወርጂ የሚሠራው እሱ ነው። ከሱ ፊት ያለው የአንጎል ግንድ ደግሞ መተንፈስን፣ የልብ ምትንና መንቃትን ይቆጣጠራል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው እያንቀላፋ ሄዶ መንቃት ሲያቅተው የምንደነግጠው፣ ምልክቱ ከዚህ ቦታ ሊመጣ ስለሚችል ነው።

ደነዘዘኝ ስትይ፣ የትኛው ጣትሽ ነው?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሦስት ዋና ዋና ነርቮች ወደ እጅ ይወርዳሉ። የትኛው እንደተነካ ጣቶችሽ ይነግሩሻል።

• አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ከደነዘዙ፣ በተለይ ሌሊት፦ አንጓሽ ላይ በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። ልብስ መጭመቅ፣ ለሰዓታት መተኮስ፣ ወለል መፈግፈግ፣ አንጓን አጥፎ መተኛት ያባብሰዋል። በእርግዝና፣ በስኳርና በእንቅርት ዕጢ ሕመም ጊዜም ይበዛል።
• ትንሹ ጣትና አጠገቡ ያለው ከደነዘዙ፦ ክርን ላይ የሚያልፈው ነርቭ ነው። ክርን ሲመታ «ኤሌክትሪክ ያዘኝ» የሚያሰኘው እሱ ነው። ክርንን አጥፎ ስልክ ለረጅም ጊዜ መያዝ ያስቆጣዋል።
• ከአንገት ጀምሮ በክንድ የሚወርድ ሕመም ካለ፣ አንገት ሲዞርም የሚብስ ከሆነ፦ መነሻው አንገት ላይ ሊሆን ይችላል።
• ሁለቱም እግሮች ከጣት ጀምረው ካልሲ እንዳጠለቁ ያህል ከደነዘዙ፦ ስኳርሽን ተመርመሪ። ለወራት ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትም ሳታገኚ ሩዝና ዳቦ ብቻ ከበላሽ፣ ቫይታሚን ቢ12 አንሶሽ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ለሐኪም ንገሪ።

አንጓ ላይ ለተጨነቀ ነርቭ መጀመሪያ የሚረዳው ቀላል ነገር ነው። ስትተኚ አንጓሽ ቀጥ እንዲል በፋርማሲ የሚሸጠውን የአንጓ መደገፊያ እሰሪ። የሚጨመቀውንና የሚተኮሰውን ለሁለት ቀን ከፋፍዪው፤ በየመሐሉ እጅሽን አሳርፊው። ዕቃ ከእጅሽ መውደቅ ከጀመረ ወይም የአውራ ጣትሽ ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ ከሄደ ግን ሐኪም ሳታዪ አትቆዪ፤ ለብዙ ጊዜ የተጨነቀ ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል።

ይህ ሁሉ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በድንገት፣ በአንድ ጊዜ፣ ሙሉ ክንድ ከዛለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ወገብና እግር

ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው ከወገብ ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ በታች ነርቮቹ እንደ ጭራ ተበትነው ይወርዳሉ። አረጋዊ ስታነሺ፣ ምንጣፍ ስትጠቀልዪ፣ የውኃ ካርቶን ስትሸከሚ በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ መሰል ነገር ተንሸራቶ ነርቩን ሊጫነው ይችላል። ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ አድርጎ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል። ከባድ ነገር ማንሳት ይቁም እንጂ ሙሉ ቀን መተኛት አይመከርም።

ነገር ግን ሽንት መሽናት ካቃተሽ ወይም ካመለጠሽ፣ በጭኖችሽ መሐልና በመቀመጫሽ ዙሪያ ከደነዘዘሽ፣ ወይም ሁለቱም እግሮችሽ ከዛሉ፣ አሳፍሮሽ ዝም አትበዪ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለብሽ።

ሳናዛቸው የሚሠሩ ነርቮች፦ ፍርሃት፣ እንቅልፍ፣ ሙቀት

ልብን፣ ሆድን፣ ላብንና የደም ግፊትን የሚመሩ ነርቮች የእኛን ትእዛዝ አይጠብቁም። አንደኛው ወገን ለአደጋ ያዘጋጃል፤ ሌላው ያሳርፋል። ስምሽ በጩኸት ሲጠራ ልብሽ የሚመታው፣ አፍሽ የሚደርቀው፣ ሆድሽ የሚታወከው የመጀመሪያው ስለተነሳ ነው። ለወራት ሳይወርድ ሲቀር እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ደረት ይጨንቃል፣ ትንሽ ነገር ያስለቅሳል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ማስመሰልም አይደለም። ያላረፈ አንጎል ነው። ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ሊጎዳሽ እንደሚያሴር ማመን፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሕክምና ያለው ሕመም ነውና ብቻሽን አትሸከሚው። ዛሬውኑ ለምታምኛት ሰው ንገሪ፤ የጤና ሚኒስቴርን ምክር መስመር 937ን በማንኛውም ሰዓት መደወል ትችያለሽ። ራስሽን ልትጎጂ እንደሆነ ከተሰማሽ 997 ደውዪ።

ሙቀትን የሚቆጣጠረውም አንጎል ውስጥ ያለ ትንሽ ክፍል ነው። ደማምና ኾበር ባሕር ዳር ናቸው። በሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ላብ አይደርቅም፣ ሰውነትም አይቀዘቅዝም። ሆሽ ስታጥቢ፣ ጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጪ ራስሽን ካመመሽና ከዞረብሽ ጥላ ግቢ፣ ውኃ ጠጪ፣ አንገትሽንና ብብትሽን በውኃ አርሺ። ሰው ከሙቀት የተነሳ መቀባዠር ከጀመረ ወይም ከወደቀ ግን ሙቀቱ አንጎሉን ነክቶታል። 997 እየደወልሽ ልብሱን አላዪ፣ ውኃ አፍስሺበት፣ አራግቢለት።

ራስ ምታት ሁሉ የአንጎል በሽታ አይደለም

የሚገርመው፣ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ራስ ምታት የሚመጣው ከሽፋኖቹ፣ ከደም ሥሮችና ከአንገትና ከራስ ጡንቻዎች ነው። ውኃ ጥም፣ ምሳ መዝለል፣ እንቅልፍ ማጣት ያመጡታል። አገር ቤት በቀን ሦስቴ ቡና የለመድሽ ከሆነ፣ ቡናው የቀረብሽ ሰሞን ራስሽን ማመሙ የቡና ሱስ ነው፤ በጥቂት ቀን ይለቅሻል።

ስለ ቡና ካነሳን፣ በክረምቱ ብርድ በሩንና መስኮቱን ዘግተሽ ከሰል አታቀጣጥዪ፤ ለቡናም፣ ለቡኹርም፣ ለሙቀትም ቢሆን። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና አንጎልን ያፍናል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካቅለሸለሸው ወደ ውጭ ውጡና 997 ደውሉ። ተባይ ማጥፊያ ከተረጨ በኋላም ምራቅ ከበዛ፣ ዓይን ካነባና ጡንቻ ከተንቀጠቀጠ፣ መድኃኒቱ ነርቮችን ነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ መውጣትና መደወል ነው።

ትኩሳትና ራስ ምታት ኖሮ አንገት ወደ ደረት አልታጠፍ ካለ፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል፤ የአንጎል ሽፋን ሲቆጣ ማጅራት ይገተራል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ በቶሎ ከታከመ ይድናል። ለሐጅ ለሚሄዱ ሰዎች ክትባቱ ግዴታ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሳትጠብቂ 997 የምትደውዪባቸው ምልክቶች

• በድንገት ፊት በአንድ ወገን ሲወርድ፣ አንድ ክንድ ወይም እግር ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ወይም ሲጠፋ። ይህ ስትሮክ ነው፤ በዐረብኛ «ጀልጣ» ይሉታል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የጀመረበትን ሰዓት ያዢ። ምግብ፣ ውኃ፣ አስፕሪንም አትስጪ። «ተኝታ ትነሳ» ማለት እጅና አንደበት ማሳጣት ነው።
• በሕይወትሽ አይተሽው የማታውቂው፣ በቅጽበት የመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት።
• ጭንቅላት ከተመታ ወይም ከመሰላል ከተወደቀ በኋላ ደጋግሞ ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መቀባዠር፣ መንቃት አለመቻል፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ንጹሕ ፈሳሽ ወይም ደም መውጣት። እነዚህ ከአንድና ሁለት ቀን በኋላም ሊመጡ ይችላሉ፤ ብቻሽን አትተኚ።
• ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ የሚጥል ሕመም።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሴሎች በአንድ ጊዜ ያለ ሥርዓት ሲተኩሱ የሚመጣ ነው እንጂ እርግማን አይደለም፤ በትንፋሽም አይተላለፍም። ክብሪት አጭሰሽ አታሽቺ፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ አታስገቢ፣ በኃይል አትያዢ። ስለት ያለውን ነገር አርቂ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጊ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎን አስተኚ። የምትጠብቂው ሕፃን በትኩሳት ቢንቀጠቀጥም የምታደርጊው ይህንኑ ነው።

ስትደውዪና ሐኪም ፊት ስትቀርቢ

997 የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ነው። በምሥራቃዊው ክልል 911 ደግሞ የፖሊስና የሌሎች ድንገተኛ ጥሪዎች መቀበያ ነው። ዛሬውኑ አጥሩ በር ላይ ያለውን የቤቱን አድራሻ ሰሌዳ ፎቶ አንሺው፤ ሎኬሽን መላክም ተለማመጂ። ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚወሰድ የአምቡላንሱ ሠራተኞች ይወስናሉ።

እነዚህን ቃላት ያዢ፦

• አምቡላንስ እፈልጋለሁ፦ «አብጋ ኢስዓፍ»
• በድንገት፦ «ፈጅአ»
• እጄ ደንዝዟል፦ «ኢዲ ኸድራነ»
• ራሴን ያመኛል፦ «ራሲ ዩጀዕኒ»
• ያዞረኛል፦ «ዒንዲ ዶኻ»
• በጭንቅላቴ ወደቅሁ፦ «ጥሕት ዓላ ራሲ»
• ቀኝ፣ ግራ፦ «የሚን»፣ «የሳር»

ለሐኪም አራት ነገር ንገሪ፦ የት ነው (የትኛው ጣት፣ የትኛው ወገን)፣ መቼ ጀመረ፣ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ፣ ምን ስሠራ ይብሳል። «መላ ሰውነቴን ያመኛል» ካልሽ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ሊሸኝሽ ይችላል። «ሦስቱ ጣቶቼ ሌሊት ይደነዝዛሉ፣ ሁለት ወር ሆነኝ፣ ስተኩስ ይብሳል» ካልሽ ግን የሚመረምረውን ቦታ አሳየሽው። የመታሽ ሰው ካለ «ወድቄ ነው» አትበዪ። ከአሠሪሽ ተለይተሽ ብቻሽን እንዲያናግርሽ ጠይቂ፤ ጉዳቱም በሐኪም ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ በኋላ ማስረጃሽ እሱ ነው።

መብትሽ

ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በቀን ቢያንስ 8 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት እንዲኖር፣ በሳምንትም አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን እንዲሰጥ ያዛል። በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለሽ። ፓስፖርትሽንና ኢቃማሽን አሠሪ መያዝ አይችልም። በእያንዳንዱ ቤት ይህ ይከበራል አንልም፤ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩትን እናንተው ታውቁታላችሁ። ቢሆንም ለአሠሪሽ በእርጋታ ስትናገሪ «ደንቡ እንዲህ ይላል፣ ሐኪሙም እንዲህ ጽፏል» ማለት «ደከመኝ» ከማለት ይለያል። ሰሚ ካጣሽ ለደማምና ለኾበር የሚቀርበው የኢትዮጵያ ወኪል በሪያድ ያለው ኤምባሲ ነው።

አሠሪሽ «ቆይ ባባ ይምጣ» ቢሉሽም፣ ከላይ በዘረዘርናቸው ምልክቶች ጊዜ ለመደወል ፈቃድ አያስፈልግሽም። ኢቃማሽ ቢያልፍበትም የአምቡላንሱ ቁጥር ያው ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። አንቺ ባትደብቂውም ሌላው «ምንም አይደለም» እያለ ሊደብቅብሽ ይችላል። ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ፦ 997ን ስልክሽ ላይ መዝግቢ፤ ከዚያም የደነዘዘ ጣት ካለሽ የትኛው እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊው።